መምህርት ዳሀቦና የዳ ጋማ የመልስ ጉዞ

ከጦርነቱ በፊት ሀርጌሳ የተማረ ሰው መምህርት ዳሀቦን የማያውቅ የለም። እርሱን ባታስተምረው እንኳ ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን አስተምራለች። ረጅም፣ ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ከሰውነቷ የሚገዝፍ ሴት ነበረች። ታሪክና ጂኦግራፊ ታስተምር ነበር። ተማሪዎቿ እስከ ዛሬ የሚያነሡላት ግን አንዱን ትምህርቷን ነው፤ የቫስኮ ዳ ጋማን።

ሌሎች መምህራን ያንን ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ይገላገሉታል። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ከሊዝበን ተነሣ፤ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞረ፤ ማሊንዲ ሲደርስ ባሕሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ተሰጠው፤ ህንድ ገባ፤ በቃ። ዳሀቦ ግን ጠመኔዋን ታስቀምጥና፣ "መሄዱን መጽሐፉ ነግሯችኋል፤ እኔ አመላለሱን ልንገራችሁ" ትላለች።

"የባሕር ነፋስ ወራት አለው። ግማሹን ዓመት ከእኛ ወደ ህንድ ይነፍሳል፤ ግማሹን ዓመት ይመለሳል። በርበራ ወርዳችሁ የትኛውንም ጀልባ ነጂ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ዳ ጋማ ግን ካሊኩት ከምትባለው የህንድ ከተማ ሰዎች ጋር ተቀያይሞ ስለ ነበር ነፋሱ እስኪዞርለት አልታገሠም። ሲሄድ ወር ሳይሞላው ያቋረጠውን ባሕር ሲመለስ ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዋተተበት። የመርከበኞቹ ድድ አበጠና ጥርሳቸውን ሸፈነው፤ እግራቸው አበጠ፤ ምግብ ማኘክ አቃታቸው፤ እየሞቱ ባሕር ውስጥ ተጣሉ። በመጨረሻ ምድር ታየቻቸው። ያቺ ምድር የእኛ ነበረች። ፎቅና ግንብ ያላት ትልቅ ከተማ፣ ሞቃዲሾ።"

እዚህ ላይ ጠመኔዋን መልሳ ታነሣና ሰሌዳው ላይ የከተማይቱን ስም ትጽፋለች።

"ታዲያ ምን አደረገ? ውኃ ለመነ? ምግብ ገዛ? የለም። መድፉን ተኮሰባትና አለፈ።"

ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል። "መዓሊማ፣" ይላታል፤ መምህርት ማለቱ ነው፤ "ሞቃዲሾ ምን አድርጋው ነው?"

"ምንም" ትላለች ዳሀቦ። "አብሮት የነበረ ሰው የጉዞውን ነገር ጽፏል። ስንቀርብ ብዙ መድፍ ተኮስን ይላል እንጂ ስለምን እንደ ሆነ አይናገርም።"

ይህንን ነገር ማንም አላስተማራትም፤ ፈልጋ ያገኘችው ራሷ ናት። የፈለገችበት ምክንያት ደግሞ ከልጅነቷ የመጣ ነው። ዳሀቦ ያደገችው ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ነው። አባቷ ዓብዱላሂ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ልጃቸውን አማርኛ ትምህርት ቤት አስገቧት፤ እርሷም ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች አኮራቻቸው። አንድ ቀን የታሪክ መምህሯ ስለ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አስተማሩ። የታላቁ መርከበኛ ልጅ ነው፤ አራት መቶ ያህል ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ መጥቶ፣ ግራኝ አሕመድ አገሩን ባጠፋበት ዘመን ከንጉሡ ጎን ተሰልፎ፣ በወጣትነቱ አንገቱን ለካራ ሰጠ። መምህሩ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዳሀቦም አብራቸው አዘነች። ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

አባቷ እጃቸውን ከግራሶ እየታጠቡ ሰሟት። "ልጄ፣ የኛ የሶማሌ ሰዎች እዚያ ጦርነት ላይ ነበሩ" አሏት። "የሞቱት ግን በማዶ በኩል ሆነው ነው።"

"ከግራኝ ጋር?"

"እኛ ጉሬይ ነው የምንለው። ትርጉሙ ያው ነው፤ በግራ እጁ የሚሠራ ሰው። ትምህርት ቤት የሚሉሽን ጻፊ፤ ፈተናሽን እለፊ። ግን ማዶም ሰው እንደሞተ አትርሺ።"

መምህሯ ያለቀሱለት ልጅና አባቷ ያነሱላት ሙታን በአንድ ሆድ ውስጥ አልስማማ አሏት። ከዚያ ወዲህ ነው የዳ ጋማን ቤተሰብ፣ አባትና ልጁን፣ እንደ ጎረቤት ቤት ወሬ መከታተል የጀመረችው።

ሀርጌሳ ያመጣት ትዳር ነው። ዲሪር የሚባል የሀርጌሳ ሰው፣ ዘመድ ሊጠይቅ ድሬዳዋ መጥቶ አያት፤ ሽማግሌ ላከ። የሞተር ባለሙያ ነበር። ከከተማው ውጭ ካሉት ጉድጓዶች ለሀርጌሳ ውኃ የሚስቡትን ሞተሮች የሚጠግን እርሱ ነው። ዝምተኛና ሳቂታ ሰው ነበር፤ ሚስቱ ስትናገር አፏን እያየ ያዳምጣል። ልጅ አልሰጣቸውም። ዘመዶቹ ሌላ እንዲያገባ ሲጎተጉቱት፣ "የዳሀቦ ልጆች ክፍሉን ሞልተውት የለም እንዴ?" ብሎ ያልፈዋል።

ከቤታቸው አጥር ጥግ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ብርቅነሽ ትኖር ነበር። ብርቅነሽ የወሎ ልጅ ናት። ጅጅጋ ሆቴል ወጥ ቤት ስትሠራ በስልሳ ዘጠኙ ጦርነት ከተማይቱ በሶማሌ ጦር ተያዘች። ቁስለኛ ታጥብ ነበርና ጦሩ ሲያፈገፍግ ከቁስለኞች ጋር በካሚዮን ጭነው አመጧት። ድንበሩ ተዘጋ፤ በዚያው ቀረች። ልብስ እያጠበች ትኖራለች። ዳሀቦ ያገኘቻት ገበያ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት የቲማቲም ሳጥን እግሯ ላይ ወድቆባት፣ "በስመ አብ!" ስትል ሰማች።

"እግዜር ይማርሽ" አለቻት ዳሀቦ በአማርኛ።

ብርቅነሽ እግሯን ረስታ ቀና አለች። አማርኛ ከሰው አፍ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። እዚያው ቆማ አለቀሰች። ዳሀቦ ግቢዋ አስገባቻት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተለያዩም። እርሷ ዳሀቦን "እትዬ" ትላታለች፤ ዳሀቦ ደግሞ "ብርቄ"። አንዷ ስትሰግድ አንዷ ስታማትብ፣ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ማንም ምንም አላለም።

በ1980 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ወሬው ከጎረቤቷ ከተማ ከቡርዖ መጣ። የሞቃዲሾን መንግሥት የሚወጉት የሰሜን ሸማቂዎች ከተማ ገቡ ተባለ። ሀርጌሳ ያሉ ወታደሮች ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። በነገታው ማለዳ ተኩሱ ሀርጌሳ ውስጥ ሆነ። ሰው በር ዘግቶ ተቀመጠ።

ወታደሮች ወደ ዳሀቦ ቤት የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ክፉ ቃል አልተናገሩም። "ዲሪር የሚባለው የውኃ ሞተር ባለሙያ አንተ ነህ? ሞተሩ ቆሟል፤ መጥተህ አስነሣልን" አሉት። ዲሪር መፍቻዎቹን በከረጢት ያዘ። ዳሀቦ እጁን ይዛ፣ "አትሂድ" አለችው።

"ከተማው ውኃ ይጠማዋል እኮ" አላት። ጫማውን አጠለቀ፤ ቀድሟቸው ወጣ። መኪናው ላይ ሌሎች ወንዶችም ተቀምጠው ነበር፤ ከመካከላቸው አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ የሐኪም ቤት ሠራተኛ ነው። ሞተር ከማስነሣት ጋር ምን አገናኛቸው? ዳሀቦ ይህን ያስተዋለችው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

ዲሪር አልተመለሰም።

ቀጥሎ አውሮፕላን መጣ። መጣ ማለት እንኳ ያስቸግራል። ከሩቅ አልመጣም፤ ከተማው ጥግ ካለው አየር ማረፊያ ይነሣል፤ ያንኑ ከተማ ይደበድባል፤ ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ሰዎች ከቤታቸው ሆነው ሲነሣም ሲያርፍም ይሰሙታል። ከሚያርፍበት እስኪነሣ ባለው ጊዜ ሬሳ ይወጣል፤ ልጅ ይፈለጋል፤ ውኃ ይቀዳል። መድፉም ከኮረብታው ላይ አያባራም። የዳሀቦ ትምህርት ቤት ጣሪያ እንደ ወረቀት ተገነጠለ።

ዳሀቦ "ዲሪር ቢመጣና ቢያጣኝስ?" እያለች ቤቷን አልለቅም አለች። ብርቅነሽ መጀመሪያ ለመነቻት፤ ኋላ ተቆጣቻት።

"እትዬ፣ ዲሪር ቢመጣ ሬሳሽን ነው የሚያገኘው! ተነሺ። እኔ አንድ ጊዜ ጅጅጋ ላይ ነገ እወጣለሁ እያልኩ ጦርነት በላዬ ላይ አልፏል። ተነሺ አልኩሽ!"

ተነሡ። የሀርጌሳ ሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ይጎርፍ ነበር። ቀን ቀን አውሮፕላኑ የሚሄደውን ሕዝብ ስለሚያሳድድ ግራር ሥር ተጋድመው ይውላሉ፤ ማለዳና ምሽት ይጓዛሉ። አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በጀርባው ሽማግሌ ተሸከመ። በመንገድ ላይ ተማሪዋ ሳምሳም ከአያቷ ጋር አገኘቻቸው። የቀረው ቤተሰቧ ቤት ተደርምሶበታል። ዳሀቦ የአሮጊቷን አንድ ክንድ ያዘች፤ አብረው ሄዱ።

ድንበሩ ሲቃረብ ብርቅነሽ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ሌላው ሕዝብ ወደ ደኅንነት ሲሄድ እርሷ የምትገባው በደርግ እጅ ነው። ከሶማሌ ጦር ጋር የሄደች፣ አሥር ዓመት ያህል ሶማሌ አገር የኖረች ሴት ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ ሰርጎ ገብ። አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ በሻሿ ሸፈነችው። ዳሀቦ፣ "ማንም ቢጠይቅሽ እህቴ ነሽ፤ ስምሽ ዓምራን ነው። አማርኛ አታውቂም" አለቻት።

የደረሱበት ቦታ ሐርተ ሼክ ይባላል። ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ የማያርፍበት ሜዳ ነው። ሰው በየቀኑ እየመጣ ሜዳው የሰው ባሕር ሆነ። ጨርቅና ላስቲክ በእንጨት ላይ ወጥረው ቤት አሉት። ውኃ በቦቴ ይመጣል። ዳሀቦ ሰልፉ ላይ ስትቆም ዲሪር ትዝ ይላታል፤ ፊቷን አዙራ ትቆማለች።

ካምፑ ውስጥ ልጆች ሥራ ፈተው ሲንከራተቱ አየች። ቃል አስነግራ ሰበሰበቻቸው። የምታስተምርበት መጽሐፍ የላትም። ሳምሳም፣ "መዓሊማ፣ ከቆምንበት እንቀጥል" አለቻት። የቆሙት ዳ ጋማ ከካሊኩት ሲነሣ ላይ ነበር። ዳሀቦ ተረከችላቸው። ሞቃዲሾ ላይ ስትደርስ ግን መድፉን በአጭሩ ነግራቸው አለፈች። ልጆቹ የመድፍ ድምፅ ምን እንደሆነ አሁን ያውቃሉ።

ሳምሳም እጇን አነሣች። "ያኔ ሞቃዲሾን የደበደበው ባዕድ ሰው ነው። እኛን የደበደበን የሞቃዲሾ መንግሥት ነው። ታዲያ እርሱስ ምን አድርገነው ነው?"

"አላውቅም ልጄ" አለች ዳሀቦ። ትምህርቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ብዙ ሳይቆይ ከጅጅጋ ትምህርት ቢሮ አንድ መምህር ተላከ። ዓለምብርሃን ይባላል፤ የትግራይ ሰው፣ ሠላሳውን ገና ያላጋመሰ፣ ጨዋ ሰው ነበር። የካምፑን ትምህርት ያስተባብራል። ዳሀቦ አማርኛ እንደምትናገር ሲያውቅ ደስ አለው። ሰንብቶ ግን የምታስተምረውን ሰማና ተከፋ።

"መምህርት፣ የዳ ጋማን ክፉ ክፉውን ብቻ እየነገሩ ልጆቹን ያስመርሯቸዋል። ልጁ እኮ ለእኛ አገር ደሙን ያፈሰሰ ነው" አላት።

"አባቱ ከመካ የሚመለሱ ሰዎችን የጫነች መርከብ ከነሴቱ ከነልጁ አቃጥሏል። ይህን ሰምተዋል?"

"ልጅ በአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም። ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉ በነደደበት ዘመን የደረሰልን እርሱ ነው። የሞተውም ከእኛ ሰዎች ጋር ነው፤ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ።"

"የገደለው የእኛ ሰው ነው" አለች ዳሀቦ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "የእኛ ሰዎችም ቀድመው በእርሱ ጠመንጃ አልቀዋል። የእነርሱ ስም የት አለ? እርስዎ ትምህርት ቤት ውስጥ ተነግሮዎታል?"

ብርቅነሽ ዱቄት እየነፋች ታዳምጥ ነበር። አማርኛ እንደማትሰማ ተነግሮላታል፤ ግን አልቻለችም። "እናንተ ሁለታችሁ የአምስት መቶ ዓመት ሬሳ ትካፈላላችሁ፤ የዘንድሮውን ማን ያንሣው?" ብላ አፈነዳችው።

ሁለቱም ዘወር ብለው አዩዋት። ዳሀቦ ደነገጠች። ዓለምብርሃን የሴትዮዋን የወሎ አነጋገር ሰማ፤ ከሻሿ ሥር ሾልኮ የወጣውን ማተብም አየ። ከዚያ፣ "መምህርት፣ እህትዎ ጥሩ ሶማሊኛ ይናገራሉ" አለና ሄደ። ለማንም አልተናገረም።

የሚቀጥለው ዓመት በሽታ ይዞ መጣ። ልጆች እግራቸውን ያማቸው ጀመር፤ መቆም አቃታቸው። ዳሀቦ አንድ ቀን ሳምሳምን አፏን አስከፍታ አየች። ድዷ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ጥርሷ ላይ ወጥቷል። ዳሀቦ ይህን በሽታ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ በቃሏ ግን ታውቀዋለች። የዳ ጋማን መርከበኞች በመልስ ጉዞ የፈጀው በሽታ ነው። ስንዴና ዘይት እንጂ አትክልት የማይቀምስ ሰው በየብስ ላይም ቢሆን እንደ መርከበኛ ይሆናል። ሐኪሞቹም አውቀውታል፤ የጎደለው እውቀት ሳይሆን መድኃኒቱ ነው። ይመጣል የተባለው እርዳታ ዘገየ።

ዓለምብርሃን ዘንድ ሄደች። "መርከበኞቹ ማሊንዲ ሲደርሱ ብርቱካን ተሰጣቸው። ለልጆቹ ሎሚ ይፈልጉልኝ" አለችው። ስለ አባትና ልጁ ከተጣሉ ወዲህ ያናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

በሳምንቱ ከጅጅጋ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ማዳበሪያ ሎሚ አወረደ። ከሐረር ነጋዴ ለምኖ፣ ከራሱም ጨምሮ ያመጣው ነው። ለካምፑ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም፤ ለልጆቹ ተሰጠ። ሳምሳም ቀስ በቀስ እግሯ ጸና። አያቷ ግን "ለልጆቹ ይሁን" ብላ ድርሻዋን አልቀበልም አለች። በዚያው ክረምት ሞተች።

ዓለምብርሃን ከዚያ በኋላ ዘወትር ይመጣል። ሻይ ይጠጣል፤ ከብርቅነሽ ጋር በአማርኛ ይቀልዳል። አንድ ቀን ግን ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ዳሀቦ እያስተማረች ነው። ከልጆቹ ኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጆቹ ተነሥተው እስኪሄዱ አልተንቀሳቀሰም።

"መምህር፣ ምን ሆኑ?"

"መምህርት፣ እኛም ጋ አውሮፕላን መጥቶ ነበር" አላት።

የተወለደው ሐውዜን ነው። የዚያ አገር መንገድ በጦርነት ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ ደብዳቤ አይገባም፣ አይወጣም። ጅጅጋ ላይ ያገኘው የአገሩ ሰው ነው የነገረው። በ1980 ዓ.ም. ሰኔ፣ በገበያ ቀን፣ የመንግሥት አውሮፕላኖች ገበያው ላይ ቦምብ አዘነቡ። እናቱና እህቱ ገበያ ወጥተው ነበር። ሀርጌሳ በምትነድበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። እርሱ ከዚያ ወዲህ የዚያኑ መንግሥት ደመወዝ እየበላ፣ ምንም ሳያውቅ ኖሯል።

"ማልቀስ አልችልም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቢሮ ውስጥ ካለቀስኩ ለምን አለቀስክ ይሉኛል። ቤት የተከራየሁት ከካድሬ ጋር ነው። ለማን ልንገር?"

ዳሀቦ ላስቲኩን ገልጣ አስገባችው። "እዚህ አልቅስ" አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ 'አንተ' ማለቷ ነበር፤ ሁለቱም አላስተዋሉትም።

ብርቅነሽ የሰማችውን ሰምታ ሻሿን ከራሷ አወረደች። ድንበር ካለፈች ወዲህ የደበቀችውን ማተብ እንደተገለጠ ተወችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሙሾ አወጣች፦

"ለገበያ ብላ ማልዳ የወጣች፣
ሰማይ ወርዶባት ከዚያው ቀረች።"

ጎረቤቶች ድምፁን ሰምተው መጡ። አማርኛ ባይሰሙም ልቅሶ መሆኑን ለይተዋል። የሀርጌሳ ሴቶች አንድ በአንድ እየገቡ ከላስቲኩ ሥር ተቀመጡ። ባሏን ያጣች፣ ልጇን ያጣች፣ ሁሉም የራሷን ይዛ ገባች። አንድ ሽማግሌ ለማያውቋት ክርስቲያን ሴት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ዓለምብርሃን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዳሀቦም ያን ቀን ለዲሪር አለቀሰች። እስከዚያ ሰዓት፣ ሞተ ብላ ላለማመን፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ዳ ጋማ አባትና ልጅ በመካከላቸው ክርክር ተነሥቶ አያውቅም። ዓለምብርሃን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ልጆቹን አንድ ቀን ራሱ አስተማራቸው፤ የክሪስቶቮን ሞት። ዳሀቦ አጠገቡ ቆማ ወደ ሶማሊኛ መለሰችለት። ካምፑ ውስጥ፣ "ለጠላታችን ልጅ እዘኑ ትላለች" ብለው ልጆቻቸውን ከእርሷ ያስወጡ ወላጆች ነበሩ። አልተከራከረቻቸውም። የቀሩትን አስተማረች።

በ1983 ዓ.ም. የሞቃዲሾውም የደርግም መንግሥት በአንድ ዓመት ወደቁ። ዳሀቦ ወደ ሀርጌሳ ተመለሰች። ከተማ ነው የሚባል ነገር አልጠበቃትም። ጣሪያው ተነቅሎ፣ በሩና መስኮቱ ተሸጦ፣ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። የሷ ቤት ጓሮ ፈንጂ ነበረበት፤ የጎረቤት ፍየል አገኘችው። ብርቅነሽ ወሎ ሄዳ ዘመዶቿን ፈለገች። ያገኘቻቸው ጥቂት ዘመዶች ማን እንደሆነች ጠየቋት። ሰንብታ ተመለሰች። "አገሬ አለች፤ የሚያውቀኝ ሰው ግን እዚህ ነው" አለች። ሁለቱ ሴቶች አንዲቱን ክፍል በቆርቆሮ ከደኑና ገቡ።

በኋላም ሰላሙ አልጸናም። በ1987 ዓ.ም. አየር ማረፊያው ላይ እንደገና ውጊያ ተነሣ። አሁን የሚታኮሱት የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ፤ ያሳዘናትም ይኸው ነው። ሰው እንደገና ወደ ሐርተ ሼክ ሲጎርፍ ዳሀቦ አልሄድም አለች። ብርቅነሽም አልጎተተቻትም፤ ድካሟን አይታ አብራት ተቀመጠች። ያ ውጊያም አለፈ።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት ከባድ ዝናብ ጣለ። ከከተማው ጥግ ያለው የወንዝ ዳር አፈሩ ተናደና አጥንት ወጣ። አጥንቱ ብዙ ነው። የእጅ አንጓዎቹ በገመድ የተሳሰሩ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዞ የተቀበረ። በከተማው ውስጥ ሰው የጠፋበት ሁሉ ወደዚያ ሮጠ። ዳሀቦና ብርቅነሽም ሄዱ።

ሴቶች ጎንበስ እያሉ ቁራጭ ጨርቅ፣ ቀበቶ፣ ጫማ ያያሉ። ዳሀቦ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረች። ዲሪርን የሚያሳውቅ አንዳች ነገር አላገኘችም፤ አለመኖሩንም የሚያሳውቅ አላገኘችም። በመጨረሻ ቆመች። እጆቿን ከፍታ ለሁሉም ከቁርኣን ፋቲሓን ቀራች። ብርቅነሽ ከኋላዋ ሆና አማተበች።

በነገታው ክፍል ገባች። ትምህርቱ የዳ ጋማ ሞት ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ህንድ ሄዶ፣ በገና ዋዜማ ኮቺን ከተማ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አጥንቱን ቆፍረው፣ በመርከብ ያን ሁሉ ባሕር አሻግረው፣ አገሩ አስገብተው በክብር ቀበሩት። ዳሀቦ እዚህ ስትደርስ አቆመች። ልጆቹ ጠበቋት። ከመካከላቸው አባቱን ወይም አጎቱን ያላጣ ጥቂት ነው፤ ሁሉም ስለ ወንዙ ዳር ሰምተዋል።

"ዛሬ ይበቃናል" አለች። "ደብተራችሁን እዚሁ ተዉት።"

ክፍሉን በሙሉ ይዛ ወንዙ ዳር ወረደች። ሽማግሌዎቹ አጥንቱን ከፍ ወዳለ ቦታ እያወጡ አዲስ መቃብር ይቆፍሩ ነበር፤ ጎርፍ እንዳይወስደው በድንጋይ ሊከልሉት ይፈልጋሉ። ልጆቹ ከወንዙ ውስጥ ድንጋይ እየለቀሙ አመላለሱ። አሁን ራሷ መምህርት የሆነችው ሳምሳምም የራሷን ክፍል ይዛ መጣች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ሠሩ። ዳሀቦ ጉልበቷን ያማት ስለ ነበር መሬት ላይ ተቀምጣ ድንጋዮቹን እየተቀበለች ትደረድር ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት አስተማረች፤ ድምፅዋ ሲደክም ተወችው። በሞተች ጊዜ የሸኛት ወንድ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ሸማቂ የነበረው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ሁሉም የክፍሏ ልጆች ናቸው። ሴቶቹ ቤቷ ተቀመጡ። ብርቅነሽ ከዳሀቦ ፍራሽ ጥግ ቁጭ ብላ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ሁሉ በሶማሊኛ ትቀበል ነበር።